ያገለገለ የናፍጣ መርሴዲስ ከመግዛት በፊት፦ በሙከራ ጉዞ የሚገለጡ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የተመረተውን ኢ-ክላስ መርሴዲስ (ዳብሊው 211) ነው፤ በተለይ ኢ 220 ሲዲአይ እና ኢ 320 ሲዲአይ የሚባሉትን የናፍጣ ሞተሮች። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ፣ አገር ውስጥ ያለው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ብዙ እጅ የዞረ መኪና ደግሞ ብዙ መካኒክ የነካካው መኪና ነው።

ሊብሬና የሻንሲ ቁጥር ማመሳከር፣ ዘይትና ውሃ መለካት፣ የጎማ አበላል ማየት ታውቃላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፦ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ካላገኛችሁት አትንዱት። ኮፈኑን ከፍታችሁ እጃችሁን ስታስጠጉ ሙቀት ከተሰማችሁ፣ ሻጩም «እንዳትጉላሉ ብዬ አሙቄ ጠበቅኋችሁ» ካለ፣ አመስግናችሁ በነጋታው ጠዋት ተመለሱ። ይህ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው አድሮ በተነሣባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። ከሞቀ በኋላ ግማሹን ይደብቃል።

አድሮ ሲነሣ «ቺፍ፣ ቺፍ፣ ቺፍ» የሚል ድምፅ፤ መኪናው ውስጥ የጭስ ሽታ

ጋራዥ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምጋፈጠው ችግር ይህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

እያንዳንዱ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ዕቃ) ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ በተቦረቦረለት ጉድጓድ ይቀመጣል። ከሥሩ አንዲት የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት መሰል ማሸጊያ) አለች። የሲሊንደሩን ግፊት የምትይዘው እርሷ ናት። ሮንዴላዋ ስትደክም ወይም ኢንጀክተሩን የጨመቀው ቡሎን ሲላላ፣ በእያንዳንዱ ቃጠሎ ጋዝ ወደ ላይ ያመልጣል። ድምፁ ይህ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ይፈጥናል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚሰፋ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። የሚያመልጠው ጋዝ ጥቀርሻና ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ ኢንጀክተሮቹ ዙሪያ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ይጋገራል። የመኪናው አየር መሳቢያ ከፊት መስታወቱ ሥር ስለሆነ፣ መብራት ላይ ስትቆሙ ጋዙ ተስቦ ውስጥ ይገባል። ይህ ጋዝ መርዝ ነው። ሽታውን «የናፍጣ መኪና ጠባዩ ነው» የሚል ሻጭ አትስሙ፤ ጤነኛ የናፍጣ መርሴዲስ ውስጡ አይሸትም።

በሙከራው ቀን የሞተሩን የፕላስቲክ ሽፋን አስነሡ። ሥራው የደቂቃ ነው፤ የሚከለክላችሁ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። ጥቁር ጋገራ ካያችሁ ነገሩ ግልጽ ነው። ካላያችሁ ግን አትቸኩሉ፤ ሞተሩ በእንፋሎት ታጥቦ ሊሆን ይችላል። አንድ ደንበኛዬ ሞተሩ ሲያብረቀርቅ አይቶ «ንጹሕ ሰው የነዳው ነው» ብሎ ገዛ። ክረምት ገብቶ መስኮት ዘግቶ መንዳት ሲጀምር፣ ኋላ የሚቀመጡ ልጆቹ ራሳችንን አመመን ማለት ጀመሩ። ከፍተን ስናየው አንድ ቀልጣፋ ነኝ ባይ ሦስቱን ኢንጀክተር ዙሪያቸውን በሲሊኮን ለድፏቸዋል። ሲሊኮን የቃጠሎ ግፊት አይይዝም! ለሻጩ ጥቂት ቀን ዝምታ ገዛለት እንጂ ያዳነው ነገር የለም።

ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኑ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ እየሠራ) እንዳለ፣ በየኢንጀክተሩ ግርጌ ጥቂት የሳሙና ውሃ ጠብ አድርጉ። አረፋ የሚያወጣው እርሱ ነው ጥፋተኛው።

መፍትሔው በመርሕ ቀላል ነው፦ ኢንጀክተሩን ማውጣት፣ መቀመጫውን ማጽዳት፣ አዲስ ሮንዴላና አዲስ ቡሎን መግጠም። መኪናውን የሚገድለው አሠራሩ ነው።

የተጋገረውን ነገር በካርቦን ማለስለሻ ደጋግሞ አርሶ ማሳደር ይገባል። ኢንጀክተሩ የሚወጣው በመጎተቻ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። በካቻቢቴ መፈንቀል፣ ጎኑን በመዶሻ መምታት ኢንጀክተሩን ይሰብራል። ሲወጣ የትኛው የየትኛው ሲሊንደር እንደነበረ ምልክት ይደረግበት፤ ቦታ ማቀያየር ክልክል ነው። ከዚያ አሮጌዋን ሮንዴላ ፈልጉ! ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች። በባትሪ መብራት ሳያይ አዲሷን በላይዋ የደረበ መካኒክ ሥራ እጄ ላይ ደርሷል። ኢንጀክተሩ ከቦታው ከፍ ብሎ ተቀመጠ፣ እንደገና አፈሰሰ፣ ሰውየውም «ይጥበቅ» ብሎ ቡሎኑን በክንዱ አጠበቀ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱን ይዞት ወጣ። የአንዲት ሮንዴላ ሥራ ቴስታታ ወደ ማስወረድ ተሻገረ።

መቀመጫው የሚጸዳው በልኩ በተሠራ የእጅ መላጊያ ነው፤ በመሰርሰሪያ ማሽን አይደለም። ከመላጉ በፊት ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው ቀዳዳ በግሪስ በተለወሰ ጨርቅ ይደፈን። ጥቀርሻው ወደ ውስጥ ከወደቀ ፒስተኑን ይቧጭረዋል። ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚለጠጥ ዓይነት ስለሆነ ሁለተኛ አያገለግልም። መጀመሪያ በቶርክ መፍቻ በትንሽ ኃይል፣ ቀጥሎ አምራቹ ባዘዘው የዲግሪ ልክ ይዞራል። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ መኪናችሁን አይንካ። ሮንዴላውን ደግሞ ኦሪጅናል ግዙ። ውፍረቱ ከልኩ ጥቂት ያነሰ ኮፒ ሮንዴላ የሚያተርፍላችሁ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው፤ ከወራት በኋላ ግን ያንኑ ሥራ ከመጀመሪያው ያስጀምራችኋል። ይህን ርካሽ ዕቃ እያወቁ የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል።

ታዲያ እንዲህ ያለ መኪና ይገዛ? ማፍሰስ የጀመረው በቅርቡ ከሆነ፣ የሁሉንም ኢንጀክተር ሥራ ከዋጋው አስቀንሳችሁ ግዙት፤ ሞተሩ በራሱ ረጅም ዕድሜ አለው። ጋገራው ኢንጀክተሩን እስከ አንገቱ ከዋጠው ወይም ቡሎኑ ከዚህ ቀደም ተሰብሮ በብየዳ የተሞከረ ከሆነ ግን ተዉት።

ዳገት ላይ አቅም ማጣት፣ ጥቁር ጭስ

የሙከራ ጉዞው ሜዳ ላይ ብቻ እንዳይቀር። ወደ እንጦጦ ውጡ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ያንን ለማካካስ ይለፋል፣ ዳገቱ ደግሞ ያጋልጠዋል። ነዳጅ ስትረግጡ የሚያፏጭ ወይም የሚተነፍስ ድምፅ ካለና ጥቁር ጭስ ከተከተለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቱርቦው የሚነሣው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ቱቦው ይቀየር። «ቱርቦ ሞቷል» ብሎ ወዲያው ቱርቦ የሚያዝ መካኒክ ቱቦውን መጀመሪያ ያሳያችሁ። ድምፅ ሳይኖር መንተፋተፍ ብቻ ከሆነ የጭስ መመለሻው ቫልቭ በጥቀርሻ ታንቋል፤ ይጸዳል። በቪ 6ቱ ኢ 320 ላይ ከቱርቦው አየር መግቢያ ማኅተም የሚንጠባጠብ ዘይት ከሥሩ ያለችውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያበላሻል። ማኅተሙ ሳይቀየር ሞተሯን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ሲሞቅ ለመነሣት መዘግየት

ከእንጦጦ ስትመለሱ አጥፍታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ አስነሡት። ቀዝቃዛ ሳለ ወዲያው የተነሣው አሁን ረጅም ጊዜ ከዞረ፣ ኢንጀክተር ውስጡ አልቆ ነዳጁን ወደ መመለሻው እየለቀቀ ነው፤ የሚፈለገው ግፊት አይጠራቀምም። በየመመለሻ ቱቦው ትንንሽ ጠርሙስ አስገጥሞ ማስነሣት የትኛው እንደሆነ ያሳያል፤ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሞላው ነው።

እዚህ ላይ በተለይ ለአንጋፋ መካኒኮች የምለው አለ። በድሮው 240 ዲ መርሴዲስ ሞተሩ እየሠራ የኖዝል (የኢንጀክተር) ቧንቧ እያላሉ የሞተውን ሲሊንደር መፈለግ የተለመደ ነበር። በሲዲአይ ይህን አታድርጉ። ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 1,600 ባር ይደርሳል፤ ቆዳን በስቶ ናፍጣ ሥጋ ውስጥ ያስገባል፣ እጅ ያስቆርጣል። ፍሳሽ በጣት አይፈለግም።

በቀስታ ፍጥነት መንቀጥቀጥ፤ ማርሽ አለመቀየር

ባለ 5 ማርሹ አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ጠንካራ ነው። ነዳጅ በስሱ ይዛችሁ ስትሄዱ ሸካራ መንገድ ላይ ያላችሁ እስኪመስላችሁ ከተንቀጠቀጠ ግን ተጠንቀቁ። የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ ውስጥ ስለሆነ፣ ውስጡ ሲበሳ የራዲያተር ፈሳሽ ከካምቢዮ ዘይት ጋር ይቀላቀልና የፍሪሲዮኑን ሽፋን ይበላዋል። ዘይቱን አስመርምሩ። ፈሳሽ ከተገኘበት መኪናውን ተዉት፤ ዘይት መቀየር ብቻውን አያድነውም።

ሁለተኛ ማርሽ ላይ ከቀረና አጥፍቶ ማስነሣት ለጊዜው ካስተካከለው፣ ጥፋቱ ካምቢዮው ውስጥ ያለችው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ናት። ትቀየራለች፤ ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም። ያኔ የሶኬቱ የጎማ ማኅተሞችም አብረው ይቀየሩ፤ አለዚያ ዘይቱ ገመዱን ተከትሎ እስከ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ይወጣል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ቆሞ ማርሽ ላይ ሳለ መሪው ቢርገበገብ፦ የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩ የሚያርፍበት ጎማ) ነው። አድሮ የኋላው ቢወርድ፦ የአየር ሞላው ያፈሳል። የማሞቂያ ካንዴላ ሞቶ ከሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ አትፍቱት፤ ተሰብሮ ይቀራል። እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ላይ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚታገዝ ነው። ቀይ የፍሬን ማስጠንቀቂያ ከበራ ጉዞውን እዚያው አቁሙ። የፍሬን ሸራ የሚቀይር ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሥርዓቱን በኮምፒውተር ያጥፋ፤ ፓምፑ በራሱ ተነሥቶ ጣት ይጨፈልቃል።

የኮምፒውተር ምርመራ የሚደረገው ከጉዞው በፊት ብቻ መሆን የለበትም። ሻጩ ጠዋት ያስጠፋው ስሕተት በፊት ሲታይ ባዶ ነው። መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዚያ ዳገቱን ውጡ፣ አጥፍታችሁ አስነሡ፣ ስትመለሱ ሳይጠፋ እንደገና አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ አዲስ የወጣውን ስሕተት ይዛችሁ ነው ዋጋ መነጋገር።