ክብደት ለመቀነስ ኦፕሬሽን ከተሠራ በኋላ ጅማ ላይ እንዴት ይበላል?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንነጋገር። ኦፕሬሽኑ ጨጓራን ያሳንሳል እንጂ ስኳር አይከለክልም። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራ ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣል። ባይፓስ ደግሞ ከላይ በኩል 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት፣ በቡና ሲኒ ቢለካ ግማሽ የማትሞላ፣ ትቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛታል። ከሁለቱም በኋላ ሥጋ፣ ዳቦና እንጀራ ቶሎ «በቃኝ» ያሰኛሉ። ጁስ፣ ለስላሳ፣ ማርና አይስክሬም ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ይወርዳሉ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትንሿ ጨጓራ የምታስቸግረው የሚጠቅመውን ምግብ ነው፤ የሚያወፍረውን ዝም ብላ ታሳልፋለች። ከአንድ ዓመት ተኩል ከሁለት ዓመት በኋላ ኪሎው ቀስ እያለ የተመለሰበትን ሰው ብትጠይቁት «እኔ እኮ ምንም አልበላም» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ አይበላም። ይጠጣል፣ ይቀማምሳል።

ሐኪማችሁ የሰጣችሁ ወረቀት ካለ ከዚህ ጽሑፍ እሱ ይቀድማል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሐኪም ሐኪም ትንሽ ይለያያሉ።

1. የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አትዝለሉ

አንድ ሁለት ቀን ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ውሃና የተጠለለ መረቅ። ከዚያ እስከ ሁለት ሳምንት ወተት፣ ቀጠን ያለ እርጎ፣ የተጣራ ሾርባ። ሦስተኛና አራተኛው ሳምንት የተፈጨ ነገር ነው፤ ቀጭን አልጫ ሽሮ፣ የላመ ምስር፣ የተፈጨ ዶሮ። ቀጥሎ ለስላሳ ምግብ ይገባል፣ ማለትም እንቁላል፣ አይብ፣ አሳ። ብዙው ሰው ወደ ቤተሰቡ ምግብ የሚመለሰው ሁለት ወር አካባቢ ላይ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ይቆዩ፤ አልጫው ይቅደም።

በዚህ ጊዜ ትልቁ ፈተና አጥሚት ነው። ኦፕሬሽን የተሠራ ሰው ቤት ዘመድ ባዶ እጁን አይመጣም፤ አጥሚቱ በቅቤና በማር ተመትቶ በፔርሙዝ ይመጣል። ፈሳሽ ስለሆነም የተፈቀደ ይመስላል። አጥሚት በራሱ ክፉ አይደለም። ቀጠን አድርጋችሁ፣ በወተት፣ ያለ ማርና ያለ ቅቤ አሠሩት። የመጣውን ደግሞ አመስግናችሁ ተቀበሉና ለአስታማሚው ስጡት፣ እሱም ደክሞታል።

2. ከሁሉም በፊት ፕሮቲን

በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። ይህ ካልገባ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያቀልጣል፣ ድካም ይመጣል፣ ፀጉር ይረግፋል። (ከሦስተኛው ወር ጀምሮ የተወሰነ ፀጉር መርገፉ ግን የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።)

60 ግራም ሲባል ብዙ ይመስላል። እንደምር። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ይሰጣል። አንድ ብርጭቆ ወተት 6 ወይ 7። አንድ መቶ ግራም የበሰለ አሳ ወይ ዶሮ 25 አካባቢ። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9። ግማሽ ኩባያ አይብ ሲጨመር 60 ሞላ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንዴ አይገባም፤ አራት አምስት ቦታ ይከፈላል።

ጅማ ለዚህ አትከፋም። ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣ አሳ አለ፣ አይብና እርጎ ገበያ ላይ አይጠፋም። አቮካዶም እንደልብ ነው፣ ግን አቮካዶ ቅባት እንጂ ፕሮቲን እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ሩብ ይበቃል። ገንፎ፣ ቆጮና የበቆሎ ቂጣ ሆድ ይሞላሉ፣ ፕሮቲናቸው ግን ትንሽ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ የገባው ነው ቤቱን የሚይዘው።

3. ሰሃናችሁን ለዩ

ከትሪ ጋር ተጣልታችሁ ሳይሆን፣ ከትሪ ላይ ምን ያህል እንደበላችሁ ማወቅ ስለማይቻል ነው። የቡና ቁርስ የሚቀርብባት ዓይነት ትንሽ ሰሃን ያዙ። ወጡን በማንኪያ ጀምሩ፤ እንጀራው ከመጨረሻ ይምጣ፣ የመዳፍ ያህል። ወጥ በማንኪያ መብላት መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ሰውም «ምነው ታመምክ?» ይላል። ይበል።

ጉርሻው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይሁን። ሃያ ሠላሳ ጊዜ አኝኩት፣ ዋጡት፣ እጃችሁን ከሰሃኑ አንሱ፣ ትንሽ ጠብቁ። አንድ ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፍጅ። ትኩስ ዳቦና ያልላመ ሥጋ በጣም ያስቸግራሉ፤ ዳቦው ሊጥ ሆኖ ይጣበቃል፣ ሥጋው ደረት ላይ ይቆማል። ጥብስ ካማራችሁ በደንብ እንዲበስልና እንዲከተፍ እዘዙ።

ጥጋብ እንደድሮው ሆድ ላይ አይመጣም። ደረት አጥንት ስር ጫን የሚል ነገር ነው። አንዳንዱን ስቅ ይለዋል፣ አንዳንዱ አፍንጫው ውሃ ያወጣል። ያ ምልክት ሲመጣ «ይቺን ብቻ ልጨርስ» የምትባለዋ አንድ ጉርሻ ናት የምታስመልሰው።

4. ውሃ ለብቻ፣ ምግብ ለብቻ

በቀን ቢያንስ ሊትር ተኩል፣ ማለትም ሦስት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ዙሩና ፉት ፉት በሉ። አንድ ብርጭቆ ገልብጦ መጠጣት ቀርቷል። ከምግብ ጋር አትጠጡ፤ ከበላችሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ቦታውን ውሃው ከያዘው ምግቡ አይገባም፣ ወይ ደግሞ አጥቦት ይወርድና ቶሎ ይርባችኋል። አምቦ ውሃና ለስላሳ ጋዛቸው ያስጨንቃል። አምቦ ስኳር እንኳ የለውም፣ ለስላሳው ግን ሁለቱንም ይዟል።

5. ቡናስ?

ጅማ ተቀምጦ ቡና ተው ማለት አይቻልም፣ ማንም አይሰማም። የመጀመሪያውን ወር ግን ብዙ ሐኪሞች ያስቆማሉ፤ ታገሱ። ከዚያ በኋላ ችግሩ ቡናው አይደለም፣ ከቡናው ጋር የሚመጣው ነው። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብታደርጉ አቦል፣ ቶናና በረካ ሲጨርሱ 24 ግራም ስኳር ጠጥታችኋል። በቀን ሁለቴ ከተጠጣ እጥፍ ነው። ያለ ስኳር ልመዱት። የጅማ ቡና ያለ ስኳር ካልተጠጣ የቱ ሊጠጣ ነው?

ሁለተኛው የቡና ቁርሱ ነው። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ፣ ቂጣ እየተጫወቱ ለአንድ ሰዓት ሲቆረጠም ጨጓራዋ ቀስ እያለች ሁሉንም ታስገባለች። አንድ እንቁላል የማይጨርስ ሰው ግማሽ ትሪ ቆሎ ይጨርሳል። ቆሎ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጭራሽ አይነካም። ኋላም ቢሆን በልክ ዘግናችሁ፣ ትሪውን ወደ ሌላ ሰው ገፋ አድርጉት።

ሦስተኛ፣ የአይረን ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ቡናና ሻይ ሰውነት አይረኑን እንዳይወስድ ስለሚያደርጉ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ይኑር።

6. ጣፋጭ ሲገባ ምን ይፈጠራል?

ዳምፒንግ ይሉታል። ባይፓስ የተሠራ ሰው ላይ ይበዛል፣ ስሊቭ ላይም አለ። አንዲት ሴት ጁስ ቤት ገብታ ስፕሪስ ታዝዛለች እንበል። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ላዩ ላይ ስኳር። ግማሹን ሳትጨርስ ልቧ ይመታል፣ ግንባሯ ላብ በላብ ይሆናል፣ ሆዷን ይቆርጣታል፣ መቀመጥ ያቅታትና መተኛት ያምራታል፣ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት። ይህ በ10 እና በ30 ደቂቃ መካከል የሚመጣው ነው። ሌላው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይመጣል። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርድና እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክፉ ረሃብ ይይዛል። ሰውየው እንደገና ጣፋጭ ይፈልጋል፣ ዙሩ ይቀጥላል።

ዳምፒንግ የማይነካው ሰው ዕድለኛ ነኝ ይላል። እኔ አይመስለኝም፤ የሚያስጠነቅቀው ነገር የለም ማለት ነው።

ፍሬውን ብሉት እንጂ አትጠጡት። ማር የጅማ አካባቢ ጌጥ ነው፣ ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ነው። ጨጨብሳ በቅቤና በማር ደግሞ የበዓል እንኳ ቢሆን ቀምሶ ማለፍ ነው።

7. ዘመድ ቤት

እህቴ ተሠርታ በአምስተኛው ወሯ አክስታችን ቤት ሄድን። ዶሮ ወጥ ነበር። እህቴ እንቁላሉንና ትንሽ ሥጋ በላችና እጇን ሰበሰበች። አክስቴ ጉርሻውን ጠቅልላ ተነሳች። «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ፣ ክሳት ገደለሽ እኮ።» እህቴ «ኧረ በቃኝ፣ እትዬ» አለች፣ አልሆነም። «ጠግቤያለሁ» አለች፣ አልሆነም። «ሐኪሙ ከዚህ በላይ ከበላሽ ስፌቱ ያምሻል ብሎኛል» ስትል አክስቴ ጉርሻውን ይዛ ቆመችና ለእኔ አጎረሰችኝ።

«ጠግቤያለሁ» እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፣ ማንም አያምነውም። ሐኪም ግን ይፈራል። ሌላው ዘዴ ቀድሞ መናገር ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «መምጣቴን እመጣለሁ፣ የምበላው ግን ይቺን ታህል ነው» በሉ። ሰሃኑንም ቶሎ አትጨርሱ፤ ባዶ ሰሃን ያየ ሰው ይጨምራል።

8. ጾም

የኦርቶዶክስ ጾም ሲገባ ከላይ የደመርነው እንቁላል፣ ወተት፣ ዶሮና አይብ ይወጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ያለ ዕቅድ አይገባበትም። ሽሮውን ወፈር አድርጉት፣ ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና የላመ ኦቾሎኒ በየቀኑ ይኑሩ። አሁንም 60 ግራም ላይሞላ ስለሚችል ከዕፅዋት የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት ይቻል እንደሆነ ባለሙያ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ዓመት ደግሞ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው መላ አላቸው።

ረመዳን ላይ ከረሃቡ ይልቅ ውሃው ነው የሚከብደው። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ሊትር ተኩል ፉት እያሉ መጨረስ ቀላል አይደለም። ገና ወራት የሆነው ሰው አይጹም፤ ዲኑም ለታመመ ሰው ፈቅዷል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እሺ ካለ አንድ ተምርና ጥቂት ውሃ፣ ቆየት ብሎ ሾርባ፣ ቀጥሎ ሥጋ ወይ እንቁላል። ሳምቡሳው መጨረሻ ላይ፣ እሱም ቦታ ከተረፈ።

9. ኪኒኑ ዕድሜ ልክ ነው

ብዙ ሰው ስድስት ወር ወስዶ ደህና ነኝ ብሎ ያቆማል። እጥረቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ አይረን፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም። ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ይሻላል፣ በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም፣ ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሎ። ካልሲየምና አይረን አብረው አይዋጡም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ቢ12 መዋጥ የሰለቸው በየወሩ በመርፌ መውሰድ ይችላል።

የደም ምርመራ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ። ኦፕሬሽኑ ሌላ ከተማ ወይ ውጭ አገር ተሠርቶ ከሆነም ክትትሉን እዚሁ መጀመር ይቻላል፣ ወረቀቶቻችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። ሴቶች፣ እርግዝናን ከ12 እስከ 18 ወር አዘግዩት።

10. ጫት፣ መጠጥና የራስ ምታት ኪኒን

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ክብደት ለሚቀንስ ሰው ጥሩ ይመስላል፣ ግን የምሳው ፕሮቲን ሳይገባ ይመሻል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ጎኑ ላይ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ አለ፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ። ጠጅም ሆነ ቢራ አሁን ደም ውስጥ የሚገባው ከድሮው ፈጥኖ ነው። በአንድ ብርሌ ልትሰክሩ ትችላላችሁ፣ መንዳት አይታሰብም። ሲጋራ ቁስለት ያመጣል።

ፋርማሲ ገብታችሁ ለወገብ ወይ ለራስ ምታት ስትጠይቁ ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን እንዳይሰጧችሁ ተናገሩ። በተለይ ባይፓስ የተሠራ ሰው ጨጓራውን ያቆስሉታል። ፓራሲታሞል ይሻላል።

መቼ ነው ሐኪም ቤት የሚሮጠው?

የጠጡትን ውሃ እንኳ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ካለ፣ ልብ ያለ ምክንያት ከፈጠነ አትቆዩ። ማስመለሱ ቀናት ቆይቶ እግር መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ወይም ነገር መዘባረቅ ከተጨመረበት የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ነርቭንና አንጎልን ስለሚጎዳ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ስትደርሱ ከሁሉ በፊት ኦፕሬሽን መሠራታችሁን ተናገሩ። ዓይነቱን፣ ቀኑንና የተሠራበትን ቦታ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቢ1 መስጠት እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፣ ስለ ኦፕሬሽኑ ግን ካልነገራችሁት አያውቅም።