ቀደምት የሲንተሳይዘር አልበሞችን እንዴት እናዳምጥ?

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚፈጥር መሣሪያ) የተሠሩ አልበሞችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው፣ ድምፃዊው መቼ ይገባል እያለ ሲጠብቅ ሙዚቃው ያልቅበታል። በአብዛኞቹ የዘፋኙን ቦታ የያዘው የድምፁ ቃና ስለሆነ፣ ጆሮ አንድ ድምፅ ቀስ እያለ ሲከፈት፣ ሲጠብና ቀለሙን ሲለውጥ መከታተል ይኖርበታል።

ለጀማሪ የምመክረው የፈረንሳዊውን የዣን ሚሼል ዣርን «ኦክሲዤን» (1976) ነው፤ ዜማው ቶሎ ይያዛል። ስድስቱ ክፍሎች ከቁጥር በቀር ስም የላቸውም፤ አንዱ ወደ ሌላው ስለሚፈስም እየዘለሉ መስማት ሥራውን ይበትነዋል። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ከኋላ እንደ ጭጋግ የተዘረጋውን ድምፅ ለይተው ይያዙ። ምንጩ ኤሚነንት የተባለ ኦርጋን ሲሆን፣ እንዲያ የሚያወዛውዘው ጊታር ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት ፌዘር የተባለ ትንሽ መሣሪያ ነው።

ከዚያ ወደ 1968 ተመልሰው ዌንዲ ካርሎስ የጀርመናዊውን የክላሲካል ሙዚቃ አቀናባሪ የባክን ሥራዎች የተጫወተችበትን አልበም ይስሙ። የዚያን ጊዜው ሞግ ሲንተሳይዘር በአንድ ጊዜ ከአንድ ኖታ በላይ ማሰማት ስለማይችል፣ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው እየተቀረፀ በቴፕ ላይ ተደራርቧል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቤዙን (ዝቅተኛውን የድምፅ መስመር) ብቻ ይዞ እስከ መጨረሻው ቢከተል፣ የተደከመበትን ያህል ይገባዋል።

የጀርመኖቹን የታንጀሪን ድሪምን «ፌድራ» (1974) ግን ጊዜ ሲኖርዎ ብቻ ይክፈቱት። የአልበሙን ስም የያዘው ሥራ ከ17 ደቂቃ በላይ ሲሆን፣ በውስጡ ሲኩዌንሰር የተባለው መሣሪያ ጥቂት ኖታዎችን ያለማቋረጥ እየደጋገመ ያስኬዳል። ድግግሞሹ ቢያሰለችዎ አያቋርጡ፤ ትኩረትዎን ወደ ቅኝቱ ያዙሩ። በቀረፃው ወቅት የሲንተሳይዘሩ ድምፅ አመንጪ ክፍሎች እየሞቁ ሲሄዱ ቅኝታቸው ሳይታሰብ ተንሸራተተ፤ መንሸራተቱም በአልበሙ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔን በእነዚህ ሥራዎች የሚማርከኝ በተለይ ይህ ነው፤ ቅኝት የማይስት የዛሬ ኮምፒውተር ይህን ዓይነት ሕያውነት ሆን ተብሎ ካልተሠራለት አይሰጥም። የሌላው የጀርመን ቡድን የክራፍትቨርክ «አውቶባን»ም የዚያው ዓመት ሥራ ነው፤ ድምፃዊ ስላለው «ፌድራ» ለከበደው ሰው ይቀለዋል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ቀርፆ በካሴት ያወጣው፣ በ2013 ዳግም የታተመው አልበም ነው። አኮርዲዮንን ከሞግ ሲንተሳይዘርና ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር ያዋሐደ ሲሆን፣ እንደ «ሸሞንሟናዬ» ያሉትን ዜማዎች ብዙዎቻችን አስቀድመን ስለምናውቃቸው ቃናን ብቻ ለመስማት ይመቻል። በመጀመሪያ አኮርዲዮኑን፣ ሲደግሙት ደግሞ ኪቦርዶቹን ብቻ እየተከተሉ ይስሙት።