የሐይቅ በረዶ ላይ ከመውጣታችን በፊት ውፍረቱን እንዴት እንለካ?

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ "ዲሴምበር ካለቀ ሐይቁ ረግቷል፣ አትፍራ" ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ። ድሮ ያስኬድ ነበር። አሁን ግን የግዛቷ ሐይቆች በረዶ ለብሰው የሚቆዩበት ጊዜ በ50 ዓመት ውስጥ በአማካይ ከ10 እስከ 14 ቀን አጥሯል። ስለዚህ ካላንደሩን ተዉትና ለኩ።

1. ዕቃ አዘጋጁ። የእጅ መሰርሰሪያ፣ ሜትር፣ ረጅም ገመድ፣ ነፍስ አድን ጃኬት። ሰውም ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻ መሄድ የለም። የባትሪው መሰርሰሪያ ውድ ነው፣ ለመለካት አያስፈልግም። ከሁሉም የማምነው ዲጅኖ የሚመስለውን ረጅም ብረት ነው።

2. ከዳር ጀምራችሁ በየእርምጃው ከፊታችሁ በብረቱ ምቱ። በአንድ ምት ከበሳ በመጣችሁበት ተመለሱ።

3. ስኖውን፣ ማለትም ከላይ የተከመረውን ልስልስ አመዳይ፣ ጥረጉና ውሃው እስኪመጣ ሰርስሩ።

4. ለኩ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሜትሩን ጫፍ በቀዳዳው አስገብታችሁ ከበረዶው የሥር ጠርዝ ላይ አያይዙና እስከ ላይ አንብቡ። ግን አንድ ቁጥር አይበቃም። እኛ በአማርኛ ሁሉንም "በረዶ" እንላለን፤ ሐይቅ ላይ ግን ሁለት ዓይነት አለ። ከሥር ያለው ጠቆር ያለ፣ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ከላይ ያለው ነጭ ነው። ነጩ የሚፈጠረው ስኖው በውሃ ርሶ መልሶ ሲረጋ ነው። አየር ስለሚይዝ ጥንካሬው የጠራው ግማሽ ያህል ነው። ዊንተሩ ሲሞቅ፣ ሲዘንብ፣ ደግሞ ሲበርድ ነጩ ይበዛል።

በሁለተኛው ዓመቴ 12 ሳንቲ ሜትር ለካሁና ደስ አለኝ። ለእግረኛ የሚባለው 10 ነዋ! ያ ልክ ግን ለጠራው በረዶ ነው። የእኔ 9ኙ ነጭ ነበር። ጅረት ወደሚገባበት ጠጋ እንዳልኩ ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ ገባ። ጓደኛዬ በገመድ ጎትቶ አወጣኝ። የዚያን ቀን ብርድ እስከ ዛሬ አጥንቴ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ለኩ፤ ነጩን በግማሽ ቁጠሩት። 9ኙ 4.5 ሆነ፣ በ3ቱ ላይ ሲደመር 7.5። አይበቃም።

5. በየ50 ሜትሩ ድገሙ። ጅረት የሚገባበትና ድልድይ ሥር ግን ጭራሽ አትሂዱ፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ በረዶውን ከሥር ያሳሳዋል።

6. ጻፉት። ቀን፣ ቦታ፣ የጠራው፣ ነጩ፣ ከላይ ያለው ስኖው። ስኖው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍን በረዶው ቶሎ እንዳይወፍር ያደርጋል። ሐይቁ የረጋበትንና የተከፈተበትን ቀንም መዝግቡ። ጃፓን ውስጥ የሱዋ ሐይቅ ቀን ከ1443 ጀምሮ፣ ፊንላንድ ውስጥ የቶርኔ ወንዝ ደግሞ ከ1693 ጀምሮ ተጽፏል። የበረዶው ወቅት እያጠረ መሄዱ በዓይን የሚታየው በእነዚህ መዝገቦች ነው። በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ እዩ፤ ቦታ ከቀየራችሁ ቀኖቹን ማወዳደር አይቻልም። እኔ ሁልጊዜ የማየው ከጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ነው።