ጅቡቲ ለምትወርድ አዲስ ሹፌር፦ የአገሩን ፖለቲካ እንዴት ትይዘዋለህ?

ከኮምቦልቻ ተሳቢ ይዘህ ጅቡቲ መመላለስ የጀመርክ ወንድሜ፣ መንገዱን ማንም ያሳይሃል። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ፣ አለቀ። የአገሩን ፖለቲካ ግን የሚነግርህ የለም። ወረፋ ስትጠብቅ ደግሞ ወሬው ሁሉ እሱ ነው።

ከሱልጣኖቹ አትጀምር፣ ትሰለቻለህ። ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክ የምትባለውን የባሕር ዳርቻ ከአፋር ሹማምንት በውል ያዘች፤ በኋላ ወደ ጅቡቲ ተሻገረች፤ በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ለመነሻ ይበቃሃል። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ እዚያ በእኛ አቆጣጠር ካወራህ ማንም አይሰማህም።

ጉልበትህን ሦስቱ ሕዝበ ውሳኔዎች ላይ ጨርስ፦ 1958፣ 1967፣ 1977። የጭነት ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፋቸውና ከየአንዳንዱ ጎን ማን ከፈረንሳይ ጋር መቆየት፣ ማን መውጣት እንደፈለገ አስፍር።

በ1958 የሶማሌው ፖለቲከኛ መሐሙድ ሐርቢ ነፃነት ብሎ ቀሰቀሰ፣ ተሸነፈ። 1967 ላይ ግን ቆም በል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል ሲመጣ ሕዝቡ ነፃነት እያለ ወጣ፣ ደም ፈሰሰ። ድምፅ ሲሰጥ ከመቶ 60 ገደማው እንቆይ አለ። አብዛኛው አፋር ለመቆየት፣ አብዛኛው ሶማሌ ለመውጣት ነበር የመረጠው። ሞቃዲሾም ኃይለ ሥላሴም ዓይናቸውን ጥለውባት ስለነበር አንዱ የሌላውን ይፈራ ነበር። ፈረንሳዮቹ ስሙን ቀይረው «የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት» አሉት፤ ኢሳ ማለት እዚያ ያለው ዋናው የሶማሌ ጎሳ ነው። ከተማዋንም በሽቦ አጠሯት። ወደ ከተማ ስትገባ የምታልፍባት ባልባላ ከዚያ አጥር ውጭ የሰፈረው ሰው ያቆማት ሰፈር ናት። ስታልፍ ዝም ብለህ አትንዳ፣ ልብ ብለህ እያት።

በ1977 ከመቶ 99 በላይ የሚሆነው ነፃነት አለ። ኢሳው ሐሰን ጉሌድ ፕሬዚዳንት፣ አፋሩ አሕመድ ዲኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ዲኒ ዓመት ሳይሞላው ለቀቀ። ቅሬታው ተጠራቅሞ በ1991 ፍሩድ የሚባለው የአፋር አማፂ ጦርነት ከፈተ። ዋናው ክፍል በ1994 ታረቀ፣ የዲኒ ወገን ግን እስከ 2001 ቆየ። ጉሌድን በ1999 የወንድሙ ልጅ ኢስማኤል ኦማር ጌሌ ተካው፤ በ2010 የሥልጣን ዘመን ገደቡ ከሕገ መንግሥቱ ወጣ። ባንዲራው ላይ ሰማያዊው የኢሳ፣ አረንጓዴው የአፋር ነው ይባላል። እኔን ከጠየቅከኝ፣ ፖለቲካቸው በሙሉ የሁለቱ ቀለሞች ሚዛን ነው።

አሁን ስለ አነጋገር። «አፋር ነህ ኢሳ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ራሱ ይነግርሃል። «ጅቡቲ እኮ የእኛ ነበረች» የሚባለውንማ እዚሁ ፒያሳ ደሴ ቡና ላይ ጨርሰህ ሂድ። እዚያ አንዴ ካልካት ጨዋታው ይበላሻል። የሚሻለው ሽማግሌ አግኝተህ የምኒልክ አደባባይ ለምን «ጁን 27 ቀን 1977» እንደተባለ መጠየቅ ነው። አንዴ ከጀመረልህ እስክትጫን አያቆምም።

ያ ቀን በእኛ ሰኔ 20 ነው፣ የነፃነት በዓላቸው። ቢሮ ይዘጋል። ወረቀትህን ቀድመህ አስጨርስ፣ አለበለዚያ በዚያ ሙቀት ከመኪናህ ሥር ተኝተህ ነው የምታከብረው።