ልጅዎን ለምክር ሕክምና ሲወስዱ

ከወልድያም ከሐይቅም ደሴ ድረስ ለሚመጣ ቤተሰብ የመጀመሪያው ቀን በጥያቄ ያልቃል። ባለሙያው ስለ እርግዝናውና ወሊዱ፣ ልጁ መቼ እንደተራመደ፣ መቼ አፉን እንደፈታ፣ ስለ እንቅልፉና ትምህርቱ ይጠይቃል። እናት ካላስታወሰች አያት ትጠየቅ፤ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት ውጤትም ይያዝ።

ቆይታው ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ትንሽ ልጅ የልቡን የሚያወጣው በጨዋታና በሥዕል ስለሆነ «ሲጫወት ዋለ እንጂ ምን ታከመ?» አይበሉ። «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» እያሉ ማስፈራራትማ ገና በሩ ላይ ያስለቅሰዋል፤ «የሚያወራንና የሚያጫውትህ ሰው ጋ ነው የምንሄደው» ይበቃል።

ጠበል ወይም ዱዓ ካለ ለባለሙያው አይደብቁ። የታዘዘ መድኃኒት ግን በድንገት አይቋረጥ፤ በተለይ የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ መንቀጥቀጡ ብሶ ሊመለስ ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት «ለውጥ የለም» ብሎ መቅረትም የተለመደ ስህተት ነው።