ፖሊሳካራይድን በጨረርና በአልትራሳውንድ ሲያሳጥሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፖሊሳካራይድ ብዙ የስኳር ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት ነገር ነው። እንደ ካይቶሳን (ከሽሪምፕና ከመሰሎቹ ቅርፊት የሚገኝ) እና አልጂኔት (ከባሕር አልጌ የሚገኝ) ያሉት የሞለኪውል ሰንሰለታቸው በጣም ሲረዝም ፈሳሹ ይዝለገለጋል፣ ለብዙ ሥራም አይመችም። ጨረርና አልትራሳውንድ (ጆሮ የማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ) ሰንሰለቱን ያለ ብርቱ አሲድ ያሳጥሩታል። ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው ግን የናሙናው ሁኔታ ተረስቶ መሣሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ሲታመን ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ለደረቅ ዱቄት የተወሰነን የጨረር መጠን በውሃ ለሟሟ ናሙና መስጠት ነው። ደረቅ ዱቄትን የኮባልት-60 ጋማ ጨረር በዋናነት በቀጥታ ስለሚሰብረው ብዙ ጊዜ በአሥርና በመቶ የሚቆጠር ኪሎግሬይ (ናሙናው የተቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ) ይጠይቃል። በሟሟው ላይ ግን አብዛኛውን ጉልበት የሚቀበለው ውሃው ነው። ከውሃው የሚወጣው ሃይድሮክሲል ራዲካል (ራዲካል ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ስላለው ከሌላው ጋር ቶሎ የሚዋሃድ ቅንጣት ነው) ከሰንሰለቱ ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ሰንሰለቱም ይበጠሳል። ስለዚህ እጅግ ያነሰ መጠን ይበቃል። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ከተጨመረበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ሁሉም ፖሊሳካራይድ በጨረር ይሰበራል ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ከሴሉሎስ የሚሠራው ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ በውሃ እንደ ሊጥ ወፍሮ ሲታከም ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ጄል ይሆናል። ካሰቡት ተቃራኒውን ያገኛሉ ማለት ነው።

ደረቅ ናሙና ከጨረር ክፍሉ እንደወጣ ለክቶ መዝጋትም አይገባም። በውስጡ ታስረው የቀሩት ራዲካሎች ሰንሰለቱን ከዚያ በኋላም ሊቆርጡት ይችላሉ፤ ስለዚህ ቆይቶ በድጋሚ መለካት ያስፈልጋል።

አልትራሳውንድ ላይ የሚታየው የተለመደ ስህተት ሰዓት በመጨመር የፈለጉትን ያህል ማሳጠር ይቻላል የሚለው ግምት ነው። ድምፁ በፈሳሹ ውስጥ የሚፈጥራቸው አረፋዎች ሲፈነዱ የሚወጣው ኃይል ረጅሙን ሰንሰለት ጎትቶ በአብዛኛው ከመሃሉ አካባቢ ይበጥሰዋል። ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ግን ለመጎተት ይከብዳል፤ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ሥራው በጣም ይዘገያል፣ ተጨማሪው ሰዓትም ሙቀት ብቻ ይሆናል። ሙቀቱ ራሱ ጉዳት አለው፤ አረፋው በእንፋሎት ሲሞላ አፈነዳዱ ይለዝባል። ዕቃውን በበረዶ ውስጥ አስቀምጦ፣ ድምፁን እየቆራረጡ መስጠት ይሻላል። ድምፁን ወደ ፈሳሹ ከሚያስገባው የቲታኒየም ዘንግ የሚረግፈውን ግራጫ ብናኝም በሴንትሪፉጅ ማስወገድ አይረሳ።

ልኬቱ ላይ ደግሞ ቡናማ ቀለምን የስኬት ምልክት አድርገው የሚወስዱ አሉ። ቀለሙ የሚያሳየው ከመቆረጡ ጎን ለጎን ሌላ ኬሚካዊ ለውጥ መኖሩን እንጂ የሰንሰለቱን ርዝመት አይደለም። ዝልግልግነቱን ሲለኩ ጨው ያለበት አሟሚ ይጠቀሙ፤ አለዚያ በሰንሰለቱ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ውጤቱን ያዛባዋል። ለካይቶሳን የአሴቲል ቡድኖቹን (በሰንሰለቱ ላይ የተያያዙ ትናንሽ የአቶም ስብስቦች) መጠን ከሥራው በፊትና በኋላ ማመሳከር አይቅር።