የጤፍ ገቢ ግምት ሲስት፦ ችግሩና መፍትሄው

ወረቀቱ ላይ 15 ኩንታል ነበር። አውድማው ላይ 9 ሆነ። በእንዲህ ዓይነት ግምት ተበድረው የተጨነቁ ሰዎች ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ የማሳው ስፋት በሄክታር፣ ሲባዛ በሄክታር የሚገኘው ምርት፣ ሲባዛ የኩንታል ዋጋ። ማባዛቱ ላይ የሚሳሳት ጥቂት ነው። የሚሳሳቱት የሚባዙት ቁጥሮች ናቸው።

ምርቱ ሁልጊዜ ከግምት ያንሳል

መጀመሪያ ስፋቱን ጠርጥሩ። "3 ጥማድ ነው" ሲባል፣ 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው ብለን 0.75 እንጽፋለን። ጥማድ ግን ከመነሻው አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ዳገትና ዋልካ ላይ በሬው ቶሎ ይደክማል፤ ጥማዱም ያንሳል። ስለዚህ በሜትር ለኩ። ሁለቱ ትይዩ ጫፎች 70 እና 50 ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 100 ሜትር ከሆነ፣ የጫፎቹን አማካይ 60ን በ100 አባዙ። 6,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 0.6 ሄክታር ነው። ድንበሩ ጠመዝማዛ ከሆነ በሦስት ማዕዘን ከፋፍላችሁ ደምሩ።

ስፋቱ ልክ ሆኖም ከሳተ፣ የያዛችሁት የሄክታር ምርት የሌላ ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ 15 ያመጣው 0.75 ሲባዛ 20 ነው፤ በሄክታር 20 ኩንታል ግን የጎረቤት ምርጥ ዓመት ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን የ3 ዓመት አማካይ ያዙ፤ የከፋውን ዓመት እንዳትዘሉት። ካልመዘገባችሁ፣ አጨዳ ሲደርስ 5 ቦታ 1 ካሬ ሜትር እየለካችሁ እጨዱ። ያማረውን አትምረጡ፤ ድንጋይ ወርውሩና የወደቀበትን ውሰዱ። አድርቃችሁ፣ ወቅታችሁ፣ አበጥራችሁ መዝኑ። አማካዩ 150 ግራም ከሆነ ለ10 አካፍሉት፦ በሄክታር 15 ኩንታል። 0.6 ሲባዛ 15፣ 9 ነው። አውድማው ያለንም ይሄንኑ ነበር።

ምርቱ ልክ ነው፣ ብሩ ግን ጎደለ

ከ9ኙ 4 ኩንታል ለቀለብና ለዘር ከቀረ፣ ገበያ የሚወጣው 5 ነው። ኩንታሉን 12,000 ብር ብንል፣ እጃችሁ የሚገባው 108,000 ሳይሆን 60,000 ብር ነው። የተበላው ጤፍ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ብድር ግን አይከፍልም። መሬቱ የእኩል ከሆነ የባለመሬቱን ድርሻ ቀድማችሁ ቀንሱ።

ዋጋውም የምትሸጡበት ወር ዋጋ ይሁን። አዲሱ እህል ሲገባ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ጥር ላይ ዕዳ ያለበት ሰው በሐምሌ ዋጋ ማስላት የለበትም።

ብዙዎች የሚረሱት ጭዱን ነው። ለከብት መኖም ለቤት ምርጊትም ይፈለጋል፤ ከሸጣችሁት ለብቻው ጽፋችሁ ደምሩት። የማዳበሪያ፣ የአረም፣ የአጨዳና የውቂያ ወጪ የሚቀነሰው ከዚያ በኋላ ነው።